የግብጽ አማልክት በሮማ ሳንቲም ላይ፦ የትኛውን ልግዛ?

«የግብጽ አምላክ ያለበት የሮማ ሳንቲም እፈልጋለሁ» ብሎ ሻጭ ጋ የሚሄድ ጀማሪ ብዙ ጊዜ ንስር ይዞ ይመለሳል። ንስሩ ያምራል፣ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ዋጋውም ኪስ አይጎዳም። ግን ንስር የግብጽ አምላክ አይደለም። የዜውስ ወፍ ነው። ከሮማውያን በፊት ግብጽን የገዙት የበጥሊሞስ ነገሥታት ሳንቲማቸው ላይ ሲያትሙት ኖሩ፣ ሮማውያንም ወረሱት።

ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ግዢ ለማስቀረት ነው። ገበያው ላይ ያለው ዓይነት ብዙ ነው፤ አንዱ ካንዱ በምን እንደሚለይ ያላወቀ ሰው ዋጋ እያየ ይገዛል። ከወዲሁ አንድ ነገር ልበል። ምስሉ ግብጻዊ እየሆነ በሄደ ቁጥር ሳንቲሙ የተፋቀ ይሆናል። ካልተፋቀ ደግሞ ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። ምርጫው ሁሉ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ዓመቶቹን በሙሉ የጻፍኳቸው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

የታጠረ ገንዘብ

ኦክታቪያን፣ ኋላ አውግስጦስ የተባለው፣ ግብጽን የያዘው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ30 ነው። አገሪቱ የሮማ ጎተራ ነበረችና እንደ ሌላው ግዛት አልተያዘችም። ገንዘቧም ለብቻው ታጠረ። የሮማ ዲናር ግብጽ ውስጥ አይዘዋወርም፣ የእስክንድርያ ሳንቲምም ከግብጽ ውጭ አይሠራም። ነጋዴው ሲገባ ይመነዝራል፣ ሲወጣም ይመነዝራል። የውጭ ምንዛሪ ቁጥጥር ምን እንደሆነ ለአበሻ አንባቢ ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም።

ከጢባርዮስ 7ኛ ዓመት፣ ማለትም ከ20/21 ጀምሮ፣ ዋናው ገንዘብ ቴትራድራክም ሆነ። ብርና መዳብ የተቀላቀለበት ሲሆን ከአንድ ዲናር እኩል ይታሰብ ነበር። ከእሱ በታች የነሐስ ድራክምና ሽርፍራፊዎቹ አሉ። ጽሑፉ በግሪክኛ ነው። ፊቱ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ፣ ጀርባው ላይ አምላክ ወይም ሌላ ምስል ይወጣል። ይህ ሥርዓት በ290ዎቹ፣ በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን፣ አበቃ። የመጨረሻዎቹን ያተመው በ297 እስክንድርያ ላይ ያመፀው ዶሚቲየስ ዶሚቲያኖስ ነው።

ዓመቱን ማንበብ

እዚህ ላይ እኛ ከሌላው ሰብሳቢ አንድ እርምጃ እንቀድማለን። የእስክንድርያ ሳንቲም የታተመበት ዓመት ይጻፍበታል። ጀርባው ላይ የላቲኑን ኤል የምትመስል ምልክት ፈልጉ፤ «ዓመት» ማለት ናት። ከጎኗ ያሉት የግሪክ ፊደላት ቁጥር ናቸው፦ አልፋ 1፣ ቤታ 2፣ ጋማ 3፣ ኢዮታ 10። የግዕዝ ቁጥሮቻችን ፩፣ ፪፣ ፫፣ ፲ የተወሰዱት ከነዚሁ ፊደላት ነው። የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ገጽ ቁጥር ማንበብ የሚችል ሰው ሃያ ደቂቃ ቢለማመድ ይበቃዋል።

ዓመቱ የሚለወጥበት ቀን ደግሞ ቶት የሚባለው ወር 1ኛ ቀን ነው። በሮማውያን አቆጣጠር ኦገስት 29 ላይ ይውላል። ያ ቀን የእኛ መስከረም 1 ነው። 30 ቀን ያላቸው 12 ወሮች፣ ከዚያ 5 ወይም 6 ቀን ጳጉሜን፦ ያው የእኛው ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ በየትኛውም ቀን ይንገሥ፣ እስከሚቀጥለው እንቁጣጣሽ ያለው ጊዜ 1ኛ ዓመቱ ይባላል። ሃድሪያን የነገሠው በ117 ኦገስት 11 ነው። ስለዚህ 1ኛ ዓመቱ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው አለቀ። ጋልባ በ68 ጁን ላይ ነግሦ በ69 ጃንዩወሪ ተገደለ። የገዛው ሰባት ወር ነው፤ ሳንቲሞቹ ላይ ግን 1ኛ ዓመትም 2ኛ ዓመትም አለ። ይህን የማያውቅ ሻጭ ስታገኙ ሌላውን ማብራሪያውንም በጥርጣሬ አንብቡት።

ርካሹና ጥርት ያለው፦ የኋለኛው ዘመን ቴትራድራክም

ከጋሊየኑስ (253–268) እስከ ዲዮቅልጥያኖስ ያሉትን ማለቴ ነው። ትንንሽ ናቸው፣ ዲያሜትራቸው 20 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን ወፈር ይላሉ። ብር ተብለው ቢጠሩም ብሩ ከስም ያለፈ አይደለም፤ መልካቸው ቡናማ ወይም ጥቁር ነው። ተቀብረው በጅምላ የተገኙ ብዙ ስለሆኑ ብዙም አልተፋቁም። ከ50 ዶላር በታች ጥሩ ሳንቲም ማግኘት ይቻላል።

ጉድለታቸው ጀርባቸው ላይ ነው። ንስር፣ ክንፍ ያላት የድል አምላክ ኒኬ፣ አበባ የያዘችው የተስፋ አምላክ ኤልፒስ፣ የዕድል አምላክ ቲኬ። ሁሉም የግሪክ ናቸው። የእስክንድርያው አምላክ ሴራፒስ አልፎ አልፎ ይወጣል፤ በዚህ ዋጋ ካገኛችሁት ሳታመነቱ ውሰዱት።

አንዱን ግን ለይቼ ልጥቀሰው። አልፋ፣ ማለትም 1ኛ ዓመት፣ ያለበት የዲዮቅልጥያኖስ ቴትራድራክም። ይህ ዓመት የጀመረው በ284 ኦገስት 29 ነው። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ ዓመተ ሰማዕታት የሚቆጠረው ከዚሁ ቀን ነው። ከዓመተ ምሕረት 276 ስትቀንሱ የምታገኙት ቁጥር መነሻው ይህ ነው። ቤተ ክርስቲያን በሰማዕታቱ የምታስበው ዘመን አሳዳጁ ራሱ ባሳተመው ሳንቲም ላይ አንድ ብሎ ሲጀምር ማየት ለእኔ ከብዙ አማልክት ይበልጣል። የግብጽ ሃይማኖት ምስል ነው የምፈልገው ካላችሁ ግን ይህ የእናንተ ሳንቲም አይደለም።

መካከለኛው መንገድ፦ ከኔሮን እስከ አንቶኒኖስ ፒዮስ

እነዚህም ቴትራድራክሞች ናቸው፣ ግን ሰፋ ይላሉ። ክብደታቸው ከ12 እስከ 13 ግራም ይደርሳል። ብሩም በዓይን የሚታይ ነው፤ በኔሮን ጊዜ ከስድስት እጅ አንዱ ያህል ነበር። ኔሮን በብዛት ስላሳተመ የእሱ ሳንቲም ዛሬም እንደ ልብ ይገኛል።

ከኔሮን ሳንቲሞች የምወደው አጋቶዳይሞን የሚባለው እባብ ያለበት ነው። የእስክንድርያ ጠባቂ መንፈስ ነው። የፈርዖኖችን ድርብ ዘውድ ደፍቶ፣ ግራና ቀኙን የስንዴ ዘለላ ይዞ ይጠማዘዛል። ዙሪያው ላይ ያለው ጽሑፍ ኔሮንን «አዲሱ መልካም መንፈስ» ይለዋል። የታተመው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው፣ ሰውየው ገና ጉዱ ሳይወጣ።

ለመጀመሪያ ግዢ ግን የምመክረው የሃድሪያንን ወይም የአንቶኒኖስ ፒዮስን ሴራፒስ ነው። ለመለየት አያስቸግርም። ፂማም ሽማግሌ ነው፣ ፀጉሩ ግንባሩ ላይ ዘንጠፍ ይላል፣ ራሱ ላይ ደግሞ ቁና የመሰለ የእህል መስፈሪያ ተቀምጧል። ሳንቲሙ ቢፋቅ እንኳ ቁናው ይቀራል። ሴራፒስ ጥንታዊ አምላክ አይደለም። በመጀመሪያው በጥሊሞስ ዘመን ኦሲሪስንና አፒስ የተባለውን ቅዱስ በሬ አዋሕደው፣ የግሪክ መልክ ሰጥተው ያቆሙት ነው፤ ለገዢውም ለተገዢውም እንዲመች። «ይህማ ግሪክ ነው እንጂ ግብጽ አይደለም» የሚል ሰው አይጠፋም። በከፊል እውነቱን ነው። ሆኖም በሮማ ዘመን የእስክንድርያ ዋናው አምላክ እሱ ነበር። ቤተ መቅደሱ የፈረሰው በ391 አካባቢ፣ በሊቀ ጳጳስ ቴዎፍሎስ ጊዜ ነው።

ፂማምነቱ ካልጣማችሁ ከዚሁ ዘመን ሁለት አማራጭ አለ። አንዱ የሃድሪያን «ካኖፖስ» ነው፤ ኦሲሪስ የሰው ራስ ባለው እንስራ ተመስሎ ይታያል። ከግሪክ ጋር የማይምታታ፣ ጥርት ያለ የግብጽ ምስል ነው። ሌላው የአንቶኒኖስ 2ኛ ዓመት (138/139) ፌኒክስ ነው፤ ራሱ ላይ ጨረር ያለው ወፍ፣ «ዘመን» ከሚል ጽሑፍ ጋር። የድሮው የግብጽ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ስለማይጨምር ከኮከቦች ይንሸራተት ነበር። ሶቲስ የሚሉት ኮከብ እንደገና በአዲስ ዓመት ቀን የወጣው በ139 ነው፤ ወፉም ከዚሁ ጋር ይያያዛል ተብሎ ይታመናል። ዋጋው ግን ከሴራፒስ ብዙ እጥፍ ነው።

ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው፦ የነሐስ ድራክም

ከትራያን እስከ አንቶኒኖስ ፒዮስ ያሉት ትልልቅ ነሐሶች ናቸው። ስፋታቸው ከ33 እስከ 35 ሚሊ ሜትር፣ ክብደታቸው ከ20 ግራም በላይ ነው። እጅ ላይ ሲያርፉ ይከብዳሉ። ቀራጩ ሰፊ ቦታ ስላገኘ ያሻውን ሠርቶበታል። ሴራፒስ ከነቤተ መቅደሱ፣ ኢሲስ ሕፃኑን ሃርፖክራተስን ስታጠባ፣ አፒስ በቀንዶቹ መሃል የፀሐይ ክብ ይዞ፣ ዘውድ የደፉ እባቦች ፊት ለፊት ተያይተው።

ኢሲስ ብዙ ጊዜ ጸናጽል ትይዛለች። አዎ፣ ያው ጸናጽል ነው፤ እጀታ፣ ቅስት፣ በመሃሉ የሚንሿሿ ዘንግ። የምሥሉ ዝርዝር ካልጠፋ ለእኛ ዓይን ሩቅ አይደለም። ሌላው ተፈላጊ ምስሏ «ኢሲስ ፋርያ» ይባላል፤ ነፋስ የነፋውን ሸራ በሁለት እጇ ይዛ ወደ እስክንድርያው የመብራት ማማ፣ ወደ ፋሮስ፣ ትራመዳለች። ማማው በመሬት መንቀጥቀጥ ከፈረሰ ስንት መቶ ዓመት ሆኖታል። መልኩን ከሚነግሩን ጥቂት ማስረጃዎች አንዱ እነዚህ ሳንቲሞች ናቸው። ሁለቱ አንድ ላይ በደንብ የሚታዩበት ድራክም በመቶዎች ዶላር ይሸጣል።

እኔ ግን ኒሉስን እመርጣለሁ። ኒሉስ የዓባይ ወንዝ አምላክ ነው። ፂሙን አንዠርግጎ፣ ወገቡ ድረስ ራቁቱን፣ ጋደም ብሏል። በአንድ እጁ ቄጠማ፣ በሌላው ፍሬ የሞላበት ቀንድ ይዟል። ከሥሩ አዞ አለ፣ አንዳንዴ ጉማሬ። ከበላዩ ወይም ከጎኑ ደግሞ ኢዮታና ስቲግማ የሚባሉ ሁለት ፊደላት ይታያሉ። የእኛ ፲ እና ፮ የመጡት ከነዚህ ነው፤ አንድ ላይ ፲፮። ዓመት እንዳይመስላችሁ። ክንድ ነው። የወንዙ ሙላት 16 ክንድ ሲደርስ ጥጋብ ይሆናል። ሮማዊው ፕሊኒ ደረጃውን ዘርዝሮታል፦ 12 ክንድ ረሃብ፣ 13 ገና ጉድለት፣ 14 ደስታ፣ 15 መተማመን፣ 16 ፍስሐ። ያ ደራሽ ውኃ በአብዛኛው ከየት እንደሚወርድ ለእናንተ አልነግርም። ጎጃምና ወሎ ላይ የዘነበው ክረምት ነው እስክንድርያ ላይ ቁጥር ሆኖ የታተመው።

አሁን ወደ ክፉው ዜና። እነዚህ ነሐሶች ከእጅ ወደ እጅ ለብዙ ዘመን ዞረዋል። አብዛኞቹ እንደ ጠጠር ለስልሰዋል፤ የንጉሡ ፊት ጥላ ብቻ ነው፣ ጽሑፉም ጠፍቷል። ከ100 ዶላር በታች የምታገኙት እንዲህ ያለውን ነው። ስለዚህ ምርጫችሁ ሲፋቅም የሚለይ ምስል ይሁን። ጋደም ያለ ኒሉስ ከነአዞው ከሩቅ ይለያል። ቤተ መቅደስም እንደዚያው። የቆሙ ምስሎች ግን ሲፋቁ ሁሉም አንድ ሰው ይመስላሉ።

ከመፋቁ የባሰው ደግሞ በመርፌ ተቀርጾ «የታደሰው» ነው። የለሰለሰ ሳንቲም ላይ ፀጉሩ ብቻ ስል ሆኖ ከታየ፣ ወይም በምስሉ ዙሪያ ያለው ሜዳ ከሌላው ዝቅ ብሎ ከተፋቀ፣ አንድ ሰው እጁን አስገብቶበታል። እንዲህ ያለውን በነፃ ቢሰጡኝ እንጂ አልገዛም። ጠርዙ ዘመም ማለቱ ግን ችግር አይደለም፤ ጠፍጣፋው ብረት በሻጋታ ስለሚፈስ ከጥንቱም እንደዚያ ነው። የአንቶኒኖስ 8ኛ ዓመት (144/145) የዞዲያክ (የኮከብ ምልክቶች) ድራክሞችንም ለጊዜው እርሷቸው። ዝናቸው ዋጋቸውን አንሮታል፣ አስመሳዩም ብዙ ነው።

የአውራጃ ሳንቲሞች የሚባሉም አሉ፤ እያንዳንዱ የግብጽ አውራጃ በስሙና በአምላኩ የሚጠራባቸው። ብዙዎቹ በሃድሪያን 11ኛ ዓመት (126/127) የታተሙ ትንንሽ ነሐሶች ናቸው። ሐሳቡ አሪፍ ነው። ሳንቲሙ ግን ብዙውን ጊዜ ያስቀይማል፣ ዋጋው ደግሞ የብርቅ ነው። ለጀማሪ አይሆንም።

ከግብጽ ውጭ

የግብጽ አማልክት በመርከበኛና በነጋዴ በኩል ብዙ አገር ደርሰዋል። ለሰብሳቢ የሚጠቅሙት በተለይ የጥቁር ባሕር አካባቢ ከተሞች ናቸው። የዛሬዋ ቡልጋሪያ ውስጥ ማርኪያኖፖሊስ (ዛሬ ዴቭንያ) እና ኦዴሶስ (ዛሬ ቫርና) ይገኛሉ። በጎርዲያን 3ኛ ዘመን (238–244) ያሳተሙት ነሐስ ላይ ወጣቱ ንጉሥና ሴራፒስ ፊት ለፊት ይተያያሉ። አንዱ ፂም አልባ ልጅ፣ ሌላው ቁና የተሸከመ ሽማግሌ። ጀርባው ላይ ኤፕሲሎን የተባለችው ፊደል ካለች ዋጋው 5 አሳርያ (የነሐስ ሽርፍራፊ ገንዘብ) ማለት ነው፤ የእኛ ፭ ከእሷ ነው የመጣችው።

ከእስክንድርያው ነሐስ ጋር ሳወዳድረው ይህ በጥራት ይበልጣል። ጥቁር አረንጓዴ፣ ለስላሳ ልባስ አለው፣ ሁለቱም ፊቶች ይነበባሉ፣ ዋጋውም መካከለኛ ነው። የሚያጣው ዓመቱን ነው፤ አይጻፍበትም። ሴራፒስም የሚታየው እንግዳ ሆኖ ነው እንጂ በቤቱ አይደለም። ሴራፒስን በጥሩ ሁኔታ ማየት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም ብዬ አምናለሁ።

ፈረንሳይ ውስጥ የኒም ከተማ ሳንቲምም የግብጽ አምላክ ያለበት እየተባለ ይሸጣል። ፊቱ ላይ አውግስጦስና አግሪጳ ጀርባ ለጀርባ፣ ጀርባው ላይ ከዘንባባ ጋር በሰንሰለት የታሰረ አዞ አለ። ቆንጆ ሳንቲም ነው፣ ታሪክም አለው። ግን አዞው እዚህ አምላክ አይደለም፤ ምርኮኛ ነው። የተሸነፈችውን ግብጽን ይወክላል። ሻጩ «የግብጽ ሃይማኖት» ብሎ ከለጠፈበት ስሕተት ነው።

አኑቢስን፣ የውሻ ራስ ያለውን አምላክ፣ ለሚወዱ ደግሞ ያለው ሌላ ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን ሮማ ከተማ ራሷ ውስጥ የታተሙ ትንንሽ ነሐሶች አሉ፤ ነገሥታቱ ክርስቲያን ሆነው ሳለ ኢሲስ በመርከብ፣ አኑቢስ ቆሞ ይታይባቸዋል። እንደ ሕጉ የግዛት ሳንቲም አይደሉም፣ የሮማ የራሷ ናቸው። ብርቅ ናቸው፣ ስስ ናቸው፣ ብዙዎቹም ተሸርፈዋል። ጥሩ ሲገኝ ጨረታው ይጋጋላል። እኔ ከአምስትና ከስድስት ሌሎች ሳንቲሞች በኋላ እንጂ በፊት አልመክርም።

ብር ከመክፈላችሁ በፊት

የሳንቲሙን ዓይነት «አርፒሲ» በሚባለው የሮማ ግዛቶች ሳንቲሞች ነፃ የኢንተርኔት መዝገብ ላይ ፈልጉት። ንጉሡን፣ ዓመቱንና ምስሉን ስታስገቡ እውነተኛዎቹን ከነክብደታቸው ታያላችሁ። ሻጩ ክብደት ካልጻፈ ጠይቁ። 12 ግራም መሆን ያለበት ቴትራድራክም 8 ግራም ከሆነ ነገር አለ። ጠርዙ ላይ ዙሪያውን የሚሄድ ቀጭን የመጋጠሚያ መስመር፣ ሳሙና የመሰለ ልስላሴ፣ ወይም አንድ ዓይነት ጭረት ያላቸው ሁለት ሳንቲሞች ከታዩ አስመሳይ ነው። ነሐስ ላይ እንደ ዱቄት የሚራገፍ ፈዛዛ አረንጓዴ ካያችሁ ደግሞ ብረቱን የሚበላ በሽታ ነው፤ እርጥበት ባገኘ ቁጥር ይስፋፋል። ሎሚ ወይም አሲድ አትንኩት፤ አጥባችሁ ታበላሹታላችሁ።

ካይሮ ወይም ሉክሶር ለጉብኝት ሄዳችሁ መንገድ ላይ የሚያቀርቡላችሁን አትግዙ። በአብዛኛው አስመሳይ ነው። እውነተኛ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ በ1983 የወጣው ሕግ ቁጥር 117 ቅርስ መነገድንም ከአገር ማውጣትንም ይከለክላል። አሜሪካ ያላችሁ፣ አገሪቱ ከግብጽ ጋር በ2016 በተፈራረመችው ስምምነት የግብጽ ቅርስ እንዳይገባ ገደብ እንዳላት ልብ በሉ። እስራኤል ያላችሁ፣ በ1978ቱ የቅርስ ሕግ መሠረት ፈቃድ ካለው ነጋዴ ብቻ ግዙ። የትም ሁኑ፣ ሳንቲሙ ከየትኛው የድሮ ስብስብ እንደመጣ የሚያሳይ ወረቀት ወይም የቀድሞ ጨረታ መዝገብ ጠይቁ። ሻጩ ካቅማማ ተዉት። የሃድሪያን ሴራፒስ ብርቅ ስላልሆነ በሚቀጥለው ጨረታ ሌላ ይወጣል።